ጨዋታው ውስጥ የሌለው መርከብ

አባዬ፣

ነገሩ የተበላሸው «ጆሲ ነው» ያልክ ጊዜ ነው። ጋሽ በየነ ከይርጋጨፌ አምጥተው ያሠሩትን ቴሌቪዥን ሊወስዱ ሱቃችን በር ላይ ቆመዋል። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያን አሮጌ ኮምፒውተር ጭኔ ላይ አድርጌ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ጣቶቼ ከቁልፎቹ ላይ ገና አልተነሱም። ስክሪኑ ላይ የቆመውን የጨዋታ ነጥብ በዲላ ከተማ ማንም አግኝቶት አያውቅም። ጋሽ በየነ ጎንበስ ብለው አዩና «ማነው ይሄን ያመጣው?» አሉ። መበየጃውን አስቀመጥክ። በሩ ላይ ሸንኮራ የሚያኝከውን ወንድሜን አየኸው። «ጆሲ ነው» አልክ። ቀጥለህ ወደ እኔ ዞረህ «ሊዲ፣ ተነሺ፣ እንግዳው ይቀመጡ» አልከኝ። ተነሳሁ።

ካረፍክ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፍኩልህም። አሁንም የምጽፈው ስለናፈቅከኝ አይደለም፤ ናፍቀኸኛል፣ ግን ለናፍቆት ብዬ ወረቀት አላባክንም። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ሊመጡብኝ ነው። «የሞተ አባቷን በሰው ፊት ውሸታም ብላለች፣ ይቅርታ ትጠይቅ» ብለዋል። የሚመሯቸው ጋሽ በየነ ናቸው። ይሄንን ደብዳቤ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ነገር መጻፍ አለብኝ። አትሰልች። መቼም አቋርጠኸኝ አትናገርም፤ በሕይወት ሳለህ ያላገኘሁት ዕድል ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቅህ ውስጥ አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የጻፍካቸው የደንበኞች ስልክ ቁጥሮች በሮዝ ቀለም ተቀብተዋል። ጓሮ የነበረው ትልቁ እንሰት ተቆርጦ ተበልቷል። እማዬ አልጋችሁን ትታ እኔ ክፍል ገብታለች፤ በእንቅልፏ ስምህን አትጠራም፣ ትጠራለች ያሉህ ካሉ ዋሽተውሃል። ኮትህን ለሰፈሩ ጥበቃ ሰጠነው። ትከሻው ላይ ይሰፋዋል። ከሩቅ ሳየው ሁለት ጊዜ ደንግጫለሁ፣ በሦስተኛው ለመድኩት።

እኔ ከወናጎ እስከ ገደብ ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችን ሞተርና ፓምፕ እጠግናለሁ፤ አንዱ ጣቢያ የጋሽ በየነ ነው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና መመረቄን ታውቃለህ፤ ምረቃዬ ላይ ነበርክ። ፎቶ ስንነሳ ጆሲን ከመሃል ያቆምከው አንተ ነህ።

ኮምፒውተሩ ወጣት ሳለህ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልህ ነው። ከኪቦርድ በቀር ሌላ አካል የለውም፣ ቁልፎቹም እንደ ላጲስ ለስላሳ ጎማ ናቸው። ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፤ ጨዋታውን የሚያነበው ደግሞ ከቴፕ ካሴት ነው። አብረው ከመጡት ካሴቶች ሻጋታ ያልበላው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የጠፈር ውጊያ ነው፤ የርካሽ ርካሽ። ሽፋኑ ላይ ግን አናቱ ዘውድ የመሰለ፣ ከተማ የሚያክል መርከብ በእሳት ተያይዞ ሲፈነዳ ተስሏል። ሱቁ የገባ ሁሉ «ንጉሡ» ይለው ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ መርከብ ትበራለች፤ ከሥሯ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ተራራ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል፤ ከመሬት ሮኬት ይወነጨፋል፤ ነዳጅ ለማግኘት በርሜሎቹን መምታት አለብህ፤ እየቆየም ዋሻ ውስጥ ያስገባሃል፣ ዋሻዎቹ ሦስት ናቸው። መቆም የለም፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሦስት ነፍስ ይሰጥሃል፣ ሦስቱ ካለቁ ከመጀመሪያው ነው። መብራት ከሄደም ከመጀመሪያው፤ ጨዋታው እስኪገባ ካሴቱን እንደገና አምስት ደቂቃ ማስጮህ ነው።

ያን ጩኸት መስማት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጆሮህን ቴፑ ላይ ትለጥፋለህ፣ እኔም ከወዲያኛው በኩል እለጥፋለሁ፣ አፍንጫችን ሊነካካ ይደርሳል። «ወፍራም ነው፣ አይገባም» ትላለህ። በካቻቢቴ የቴፑን ብሎን ፀጉር በምታህል ታዞራለህ። ድምፁ ሲቀጥን ቅንድብህን ታነሳለህ፤ እኔም አነሳለሁ። ዛሬ ፓምፕ ሲታመም ገና ሳልከፍተው የማውቀው በዚያ ጆሮ ነው። ይሄንን አልክድም። መካድ ያንተ ሥራ ነው።

ሦስተኛውን ዋሻ ማንም አላለፈም ነበር። የመናኸሪያው ጎረምሶች አላለፉም፣ አንተም አላለፍክም። ጆሲ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ቁልፎቹን በቡጢ መትቶ ይነሳል። እኔ አለፍኩት። ጋሽ በየነ ከመምጣታቸው ሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ዝናብ ስለነበረ ሱቁ ውስጥ ከአንተና ከእኔ በቀር ማንም የለም። ከዋሻው ቀጥሎ ጠባቡ መተላለፊያ መጣ፣ እሱንም አለፍኩ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ንጉሡን ጠበቅን። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ተራራ ተመልሶ መጣ፣ ትንሽ ፈጠን ብሎ። ይኸው ነው። «አባዬ፣ ንጉሡ የለም!» አልኩህ። እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ። «ሥዕሉን ሲያሠሩ ብራቸው አልቆባቸዋል!» አልክ። ቀጠል አድርገህ «ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሰዉ ንጉሡን ካልጠበቀ እዚህ ሱቅ ምን ይሠራል?» አልከኝ። ትንሿን ጣትህን ከትንሿ ጣቴ ጋር ቆልፈን ማልን።

ያ ምስጢራችን ነበር። ከአንተ ጋር የነበረኝ ምስጢር እሱ ብቻ ነው።

«ጆሲ ነው» ካልክ በኋላ ጋሽ በየነ ወንድሜን ትከሻውን ይዘው «ይሄን ልጅ እዚህ አታባክነው፤ ሐዋሳ ወንድሜ ዘንድ ይሂድና ኮምፒውተር ይማር» አሉህ። በሳምንቱ መኪና አሳፈርከው። ጆሲ ሲሄድ የካሴቱን ሽፋን ለማስታወሻ ይዞ ሄደ፤ ካሴቱን ራቁቱን ለእኔ ተወልኝ። ለምን «ጆሲ ነው» እንዳልክ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኩህ። ትዝ ይልሃል? ሬዲዮ ፈትተህ ነበር፣ ቀና እንኳ አላልክም። «አንቺማ ከእኔ ጋ ነሽ» አልከኝ። ሽልማት መስሎኝ ለስንት ዓመት ተሸክሜው ዞርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምበይደው፣ የምፈትሸው፣ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ የምገባው ለዚያ ሽልማት ነበር። ምክንያቱን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ሴት ልጅህ ወንዶች መሃል ተቀምጣ እንደምትውል ጋሽ በየነ እንዳያውቁብህ አፍረሃል። አንዲት የሐፍረት ደቂቃ ነበረች፤ ዋጋዋን እኔ ከፈልኩ።

ይሄን ሁሉ ግን ይቅር ብዬህ ነበር። እውነቴን ነው። ሆድህ አብጦ በተኛህባቸው ሁለት ወራት ያጠብኩህ፣ ያገላበጥኩህ፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎረስኩህ ይቅር ብዬህ ነው። አንድ ቀን ወረቀት ጠየቅከኝ። «የሕይወት ታሪኬን ራሴ ልጻፈው፤ ለሌላ ከተውኩት ቀብሬ ላይ ያበላሹብኛል» አልክ። ሳቅን። ጀርባህን በትራስ ደገፍኩ። እጅህ ሲዝል ወረቀቱን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። እንዳላነበው በመዳፍህ ትሸፍነው ነበር። እንዳላለቅስ አዝነህልኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። አሁን ሳስበው የምስቀው በዚህ ነው፦ የምትቀማኝን ነገር በጥሩ ብዕር እንድትጽፈው ሱቅ ሄጄ ብዕሩን መርጬ የገዛሁልህ እኔ መሆኔ።

መቃብርህ አጠገብ ቆመን ሳለ ወረቀትህ ተነበበ። «ልጃቸው ኢዮስያስ ገና በልጅነቱ ማንም ያልጨረሰውን የኮምፒውተር ጨዋታ ጨርሶ፣ ታላቁን የንጉሥ መርከብ ሲያፈነዳ በዓይናቸው አይተው አምላካቸውን አመስግነዋል» ይላል። ስለ እኔ ወደ መጨረሻው አካባቢ «ልጃቸው ሊድያም በሕመማቸው ጊዜ አስታምማቸዋለች» ይላል። አለቀ።

በዓይናቸው አይተው። ምኑን ነው ያየኸው፣ አባዬ? በሱቁ ጊዜ እንግዳ ስላስደነገጠህ አመለጠህ እንበል። አልጋ ላይ ግን ማንም አላስደነገጠህም። ንጉሡ እንደሌለ በዓለም ላይ የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነበርን። ምስጢራችንን አውጥተህ፣ ያልነበረ እሳት ጨምረህበት፣ ለእሱ ሰጠኸው። ያን ቀን አላለቀስኩም። ሰዉ ሐዘን አደረቃት አለ። ሐዘን አይደለም።

ቢሆንም ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ሙት ዓመትህ ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ኮምፒውተሩን በቤተ መጻሕፍታቸው ሊያስቀምጡት ወሰኑ። «ኢዮስያስ የተማረበት» የሚል ጽሑፍም አዘጋጁለት። ጆሲ ከሐዋሳ መጣ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እየዘለለ ግቢ ገባ። «ሊዲዬ፣ ያ ነገር እንዲሠራ አድርጊልኝ፤ መቼም እጅሽ መድኃኒት ነው» አለኝ። ሠራሁለት። የቴፑን ማንበቢያ ሄድ በአልኮልና በጥጥ ጠረግኩ፣ የላላውን ጎማ ቀየርኩ፣ ከቁልፎቹ ሥር የተጋገረውን አቧራ አወጣሁ። ካሴቱ አንተ በሞትክ በዓመቱ አንዴም ሳይሳሳት ገባ። ጆሲ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እኔ የምለው፣ ንጉሡ ስንተኛው ላይ ነው የሚመጣው? ረሳሁት» አለኝ።

ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ልጅ ሆኖ የወሰደው ሥዕል ትዝታው ሆኖለታል። አንተ የዋሸኸውን እሱ አምኖታል። እዚያች ላይ እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። «መጨረሻ ላይ ነው» አልኩት።

ይሄን አልደብቅህም፤ ሆን ብዬ ነው። በሰው ፊት ሲወድቅ ላየው ፈልጌ ነው። ከማን እንደተማርኩት አንተ ታውቃለህ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ዘመሩልህ፣ ጸለዩልህ፣ ወረቀትህ ከዳር እስከ ዳር እንደገና ተነበበ። ጋሽ በየነ ከፊት ተቀምጠው «በል እንግዲህ ጆሲ፣ ያን ንጉሥ ዛሬ ለእኛም አፈንዳልን!» አሉ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ጆሲ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ዋሻ ውስጥ ሦስቱንም ነፍስ ጨረሰ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ጨረሰ። ከኋላ አንድ ሰው «ንጉሡ ዛሬ ዕረፍት ላይ ናቸው» ብሎ አሳቀ። ጆሲ ላቡን ጠረገና ሳቅ ብሎ «ቁልፉ አይታዘዝም። እህቴ በደንብ አልጠገነችውም» አለ።

ዝም ለማለት ነበር የመጣሁት። ሲወድቅ አይቼ፣ ጠግቤ፣ ወደ ቤቴ ልሄድ። ሥራዬን ግን ነካው።

ሄጄ «ልቀቅ» አልኩት። ለቀቀ። ከዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ ወዲህ ተጫውቼው አላውቅም፣ ጣቶቼ ግን አልረሱም። አንደኛውን ዋሻ አለፍኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ስገባ ጋሽ በየነ ከወንበራቸው ተነሱ። ወጣሁ። ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ የመጀመሪያው ተራራ ተመልሶ መጣ። እጄን አነሳሁና «ይኸው። መጨረሻው ይሄ ነው» አልኳቸው።

ያጨበጨበልኝ ያለ መሰለህ? «ታዲያ ንጉሡስ?» አሉ ጋሽ በየነ። «የለም፣ ጋሼ። ኖሮም አያውቅም። ሥዕል ነው።» «እንዴት የለም ትያለሽ? አባትሽ በዓይኔ አየሁ ብሎ ጽፎ!» ጆሲም ዘሎ ተነሳ። «ራሷ መጨረሻ ላይ ይመጣል ብላኛለች! ትናንት! ትካድ እስቲ!» አለ። እውነቱን ነው፣ ብዬዋለሁ። አዳራሹ ተንጫጫ። ግማሹ አልጨረሰችውም አለ፣ ግማሹ ስትጠግነው ንጉሡን አጥፍታዋለች አለ። አባዬ፣ በዓይናቸው ያዩትን ትተው የአንተን ወረቀት አመኑ። አክስቴ ወርቅነሽ፣ የገዛ እህትህ፣ ነጠላዋን እያጣፋች ፊቴ ድረስ መጣችና «አባትሽ ዋሽቷል ልትዪ ነው? በሙት ዓመቱ?» አለችኝ።

«አዎ፣ አክስቴ። ዋሽቷል» አልኩ።

ይቅርታ ጠይቂ የተባልኩት ለዚህ ቃል ነው።

ቤት ስንመለስ እማዬ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ «እኔም አውቃለሁ። ንጉሡ የለም ያልሽው ቀን ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ» አለችኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። «ያኔ አባትሽ ነዋ። አሁን ደግሞ ሞቷል እኮ፣ ልጄ» አለች። ቅዳሜ ስትጠየቅ ምን እንደምትል አላውቅም። አላባብላትም። እዚያው ትቀመጣለች፣ ይሄን ሳነብ አልነበርኩም ትበል ወይም ነበርኩ ትበል፤ የራሷ ነው።

ጆሲን ለአንዲቷ ቃል፣ «መጨረሻ ላይ ነው» ላልኩት፣ ቅዳሜ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እሷ የእኔ ጥፋት ናት፤ ለማንም አላካፍላትም። ከዚያ ወዲያ ይቅርታ የለኝም። ሽማግሌዎቹ ይቆጡ፣ አክስቴ ቤቷ አታስገባኝ፣ ጋሽ በየነ ማጠቢያ ጣቢያቸው ድርሽ እንዳልል ይከልክሉኝ። ፓምፓቸው ሲቆም እናያለን።

አንተን አስታውስሃለሁ። ቅንድብህን፣ እንባህ እስኪወርድ የሳቅከውን ሳቅ፣ በሱቁ በር ላይ የወጣውን ድምፅህንም፣ ወረቀቱን የሸፈንክበትን መዳፍህንም። ሁሉንም አብሬ እይዛለሁ። ግማሽህን ቀብሬ ግማሽህን አላለቅስም፤ እስከ ዛሬ ያላለቀስኩትም ግማሹን ብቻ አልቅሺ ስላሉኝ ይመስለኛል።

ከእንግዲህ ግን «ለአባትሽ ክብር ስትይ» የሚለውን አልቀበልም። እኔ የሠራሁትን ሌላው ሠራው ሲባል ዝም ማለቴ ጨዋነት ተብሎ መመስገኑን አልቀበልም። ጥገናው የእኔ፣ ጭብጨባው የጆሲ የሚሆንበትን ቤት አልቀበልም። ለምን ብዬ በጠየቅኩ ቁጥር የሚሰጠኝን ምክንያት ሁሉ አልቀበልም፤ እሱ ወንድ ልጅ ነው የሚለውን፣ እንግዳ ነበረ የሚለውን፣ ታሞ ነበር የሚለውን። መሞትህንም ምክንያት ብዬ አልቀበልም።